ስለ ባሮክ ጊታር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአውሮፓ ቤተ መንግሥቶችም ሆነ በየመንደሩ ሲደመጥ የኖረው፣ ስሙንም ከዘመኑ የሙዚቃ ስልት ያገኘው ባሮክ ጊታር፣ ዛሬ ለብዙው አድማጭ የሚደርሰው ለዘመናዊ ጊታር በተስተካከሉ ጥቂት ሥራዎች አማካኝነት ነው። ስለ እርሱ የሚነገሩት አብዛኞቹ ስሕተቶች የሚመነጩትም የአንዱን መሣሪያ ሙዚቃ በሌላ መሣሪያ ሰምቶ ከመፍረድ ይመስለኛል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ባሮክ ጊታር ገና ያልተሟላ የዛሬው ጊታር ነው»

ስድስተኛ ክር ስለሌለው ብቻ እንደ ጅምር ሥራ የሚቆጥሩት አሉ። መሣሪያው ግን በራሱ ሙሉ ነበር። አምስት ረድፍ ክሮች ያሉት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ረድፍ ብዙውን ጊዜ ነጠላ ነው፤ የቀሩት አራቱ ጎን ለጎን ተወጥረው በአንድ ላይ የሚመቱ ጥንድ ክሮች ናቸው። ክሮቹ የሚሠሩት ከእንስሳት አንጀት ነው። ፍሬቶቹም፣ ማለትም በአንገቱ ላይ የድምፅ ቦታዎችን የሚለዩት መስመሮች፣ ከብረት ተሠርተው የተቀበሩ ሳይሆኑ በአንገቱ ዙሪያ የሚታሰሩ የአንጀት ክሮች በመሆናቸው፣ ተጫዋቹ ቅኝቱን ለማስተካከል ሲፈልግ ትንሽ ወዲህና ወዲያ ሊያንቀሳቅሳቸው ይችላል። የድምፅ ቀዳዳው በረቂቅ ሁኔታ ተቆርጦ በተደራረበ የብራና ጌጥ ይሸፈናል። በቫዮሊኖቹ የታወቀው አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ እንኳ እንዲህ ዓይነት ጊታሮችን የሠራ ሲሆን፣ በ1688 የሠራው አንዱ ዛሬ በኦክስፎርድ አሽሞሊያን ሙዚየም ይገኛል። ስድስት ነጠላ ክሮች ያሉት ጊታር የተስፋፋው ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የሙዚቃው ጠባይ ራሱ ተለውጦ ነበር።

«ክሮቹ የሚቃኙት ከወፍራም ወደ ቀጭን በቅደም ተከተል ነው»

ከስሕተቶቹ ሁሉ በሙዚቃው ላይ የከፋ ጉዳት ያደረሰው ይህ ነው። አምስቱ ረድፎች ከአምስተኛው ወደ መጀመሪያው ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ተብለው የሚቃኙ በመሆናቸው፣ በስም ደረጃ ሲታዩ ከዛሬው ጊታር አምስት ክሮች አይለዩም። ልዩነቱ ያለው ላ እና ሬ በተባሉት ረድፎች ከፍታ ላይ ነው። አንዳንዶች በእነዚህ ረድፎች ላይ ከቀጭኑ ክር ጎን አንድ ኦክታቭ (ያው ድምፅ በስምንት ደረጃ ርቀት) ዝቅ ያለ ወፍራም ክር ይወጥሩ ነበር፤ አንዳንዶች ወፍራሙን ክር በሬ ላይ ብቻ ያስቀምጣሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሁሉንም በቀጫጭን ክሮች ብቻ ይቃኛሉ። ስፔናዊው ጋስፓር ሳንስ በ1674 በሳራጎሳ ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ፣ የሮም ሊቃውንት ወፍራም ክር እንደማይጠቀሙ፣ በስፔን ግን የተለመደ መሆኑን ጠቅሶ፣ ለአጀብና በኃይል ለሚመታ ሙዚቃ ወፍራሙን፣ በጣት ለሚደረደር ረቂቅ ሙዚቃ ቀጭኑን ይመርጣል።

ቀጭን ክሮች ብቻ ሲወጠሩ ከሁሉ ዝቅተኛው ድምፅ በመካከል ያለው ሶል ይሆናል። ከሶል ቀጥሎ ያለው ድምፅ የሚገኘው በአምስተኛው ረድፍ በላ ነው፤ ከዚያ በሁለተኛው ሲ፣ በአራተኛው ሬ፣ በመጨረሻም በመጀመሪያው ረድፍ ሚ ይመጣል። ጣት ሳያርፍባቸው አምስቱን ረድፎች በዚህ ቅደም ተከተል የነካ ሰው ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚን ይሰማል፤ ለእኛ ጆሮ ይህ የትዝታ ሜጀር ቅኝት ነው። ግጥምጥሞሹ የአጋጣሚ ነው እንጂ የዘር ሐረግ የለውም፤ ነገር ግን ክራር በእጁ ያለ ሰው አሠራሩን ቶሎ ይረዳዋል። ተከታታይ ድምፆች በተለያዩ ክሮች ላይ ስለሚገኙ አንዱ ሳይጠፋ ሌላው ይደርሳል፤ ድምፆቹም እርስ በርስ እየተደራረቡ እንደ ደወል ያስተጋባሉ። ስፔናውያን ይህን ስልት ካምፓኔላስ ይሉታል፤ ትርጉሙም ትናንሽ ደወሎች ነው። ይኸው ሙዚቃ እንዳለ ወደ ዘመናዊ ጊታር ሲገለበጥ ግን ላ እና ሬ አንድ ኦክታቭ ወደ ታች ስለሚወድቁ ዜማው በየመሐሉ ገደል ይገባል፤ አድማጩም ጥፋቱን በደራሲው ላይ ይጥላል።

«ግርፍ የጀማሪ፣ ድርድር የባለሙያ ስልት ነበር»

የክራር ተጫዋቾች ግርፍና ድርድር የሚሏቸው ሁለቱ ስልቶች፣ ማለትም ክሮቹን በአንድ ላይ መምታትና አንድ በአንድ በጣት መንካት፣ በባሮክ ጊታርም የነበሩ ናቸው። ግርፍን መናቅ የዛሬ አመል አይደለም፤ ስፔናዊው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሴባስቲያን ደ ኮቫሩቢያስ በ1611 ጊታርን ከከብት ቃጭል ጋር አመሳስሎ፣ በተለይ ግርፉ ቀላል ስለሆነ ጊታር የማይጫወት የፈረስ ባልደራስ የለም ብሎ ተሳልቋል። ስላቁ የመሣሪያውን ተወዳጅነት ከመመስከር ያለፈ ዋጋ ያለው አይመስለኝም።

ካታላናዊው ሐኪም ጁዋን ካርልስ አማት ለአምስት ረድፍ ጊታር የኮርድ (በአንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች) ማስተማሪያ ያዘጋጀው በ1596 ነው። በ1606 ደግሞ ጂሮላሞ ሞንቴሳርዶ በፍሎረንስ ባሳተመው መጽሐፍ አልፋቤቶ የተባለውን የአጻጻፍ ዘዴ አስተዋወቀ፤ በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ የላቲን ፊደል አንድ የእጅ አያያዝን ያመለክታል። ኤ የሚለው ፊደል የሶል ሜጀር ኮርድ፣ ቢ የሚለው ደግሞ የዶ ሜጀር ኮርድ ነው፤ የፊደሉ ስምና የኮርዱ ስም አለመገናኘታቸው ዛሬም ጀማሪውን ያደናግራል። ከመስመሩ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ የሚወጡ ጭረቶች እጁ በየት አቅጣጫ እንደሚመታ ያሳያሉ። ኮርድን ከቤዝ (ከዝቅተኛው ድምፅ) መስመርና ከዜማ ነጥሎ፣ ራሱን የቻለ አንድ አካል አድርጎ የማሰቡ ልማድ በጊታር ተጫዋቾች ዘንድ ቀድሞ ሥር የሰደደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከ1630 ገደማ ጀምሮ ጣሊያናዊው ጊታር ተጫዋች ጆቫኒ ፓውሎ ፎስካሪኒ፣ ከእርሱም በኋላ በፓቪያ የተወለደው ፍራንቼስኮ ኮርቤታ፣ ግርፍና ድርድርን በአንድ ሥራ ውስጥ አዋሕደዋል። በዚህ ቅይጥ ስልት በአንድ መስመር ላይ ዜማው በጣት ተነክቶ ወዲያው በሙሉ ኮርድ ይመታል፤ ጣቶቹም ሪፒኮ በሚባለው አመታት አንድን ምት ወደ ብዙ ፈጣን ምቶች ይበትኑታል። ከጽሑፉ ላይ ግርፉን አውጥቶ ድርድሩን ብቻ ማስቀረት፣ አንዳንድ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂዎች እንዳደረጉት፣ ሥራውን አጥንቱን ማውጣት ነው።

«የስፔን ብቻ ነው»

መሣሪያው «የስፔን ጊታር» መባሉ ያሳስታል። ኮርቤታ የ1671 መጽሐፉን ለእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ፣ የ1674ቱን ደግሞ ለፈረንሳዩ ሉዊ አሥራ አራተኛ አበርክቷል፤ ፈረንሳዊው ጊታር ተጫዋች ሮቤር ደ ቪዜም የ1682 መጽሐፉን ያበረከተው ለዚሁ ለሉዊ ነው። ከአውሮፓ ውጪም ቢሆን ታሪኩ ሰፊ ነው። የስፔናዊው ጊታር ተጫዋች የሳንቲያጎ ደ ሙርሲያ ሥራዎች ያሉበት አንድ የእጅ ጽሑፍ በ1943 በሜክሲኮ ተገኝቷል፤ በውስጡም ከስፔን ውዝዋዜዎች ጎን ለጎን ኩምቤን የመሰሉ፣ መነሻቸው ከአፍሪካውያን የሆነ የጭፈራ ዜማዎች ይገኛሉ። በባርነት ወደ አሜሪካ የተጋዙ አፍሪካውያን ምት በጽሑፍ ከቆየባቸው ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ይህ የጊታር መጽሐፍ ነው፤ ከሚገባው በታች ይወሳል።

«በጥፍር አይጫወቱም ነበር»

አንድ ወጥ ደንብ አልነበረም። ብዙዎች በጣት ሥጋ ይነኩ ነበር፤ ኮርቤታ ግን በቱሪን ሊጫወት ሲል ጥፍሩ ስለተሰበረበት ሳይጫወት መቅረቱ በድሮ ጽሑፍ ተዘግቦ ይገኛል።

«የባክ የጊታር ሥራዎች የባሮክ ጊታር ሙዚቃ ናቸው»

ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሰባስቲያን ባክ ለጊታር የጻፈው ሥራ የለም። ዛሬ በጊታር የሚቀርቡት ሥራዎቹ ለሉት (በጣት ለሚነካ የቆየ የአውሮፓ የክር መሣሪያ)፣ ለቫዮሊን ወይም ለቼሎ የተጻፉና በኋላ የተስተካከሉ ናቸው። በጊታር ሲቀርቡ ማማራቸው አያጠራጥርም፤ ለባሮክ ጊታር ተብሎ የተጻፈውን የሚሻ ግን በሳንስና በደ ቪዜ ይጀምር፤ ቢቻል በአንጀት ክር በተወጠረ አምስት ረድፍ መሣሪያ የተቀረጸውን ይምረጥ።