በአሮጌ የጀርመን ሳንጃ ላይ ያለው ቁጥር ምን ይናገራል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አሮጌ የጀርመን ሳንጃ በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ከብረቱ ይልቅ ወሬው ይወደዳል። በእጀታውና በስለቱ መካከል ባለው መስቀለኛ ብረት ላይ ጥቂት ቁጥርና ፊደል ከተገኘ ሻጩ አንድ ጀግና፣ አንድ ጦር ሜዳ፣ ገዢው የዋህ ከመሰለው ደግሞ አንድ የሂትለር ሰላይ ይጨምርበታል። ምልክቶቹ ግን የንብረት ክፍል ሥራ ናቸው። ከጀርመን መንግሥታት ትልቁ የነበረው የፕሩሲያ ጦር የመሣሪያ ምልክት አመታትን የሚወስን ደንብ በ1877 አወጣ፤ በ1909 ደግሞ አደሰው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የላቲን ፊደላቱን ደግሞ እንደሚጠሩበት ስም ጽፌአቸዋለሁ።)

«ቁጥሩ የወታደሩ የግል መለያ ነው»

አይደለም። በመስቀለኛው ብረት ላይ «82.አር.5.27» የሚል ተመትቶ አገኘን እንበል። 82 የሬጅመንቱ ቁጥር ነው፤ «አር» እግረኛ ሬጅመንት መሆኑን ያመለክታል፤ 5 ሻምበሉ ነው፤ 27 ደግሞ በዚያ ሻምበል ውስጥ የሳንጃው ተራ ቁጥር ነው። ሬጅመንቱም የታወቀ ነው፦ መቀመጫው ጎቲንገን የነበረው 82ኛ እግረኛ ሬጅመንት። የሻለቃው ቁጥር ለምን እንደሌለ የሚጠይቅ ይኖራል። አንድ እግረኛ ሬጅመንት ሦስት ሻለቃ፣ እያንዳንዱ ሻለቃም አራት ሻምበል ነበረው። ሻምበሎቹ ከ1 እስከ 12 በተከታታይ ስለሚቆጠሩ፣ 5 ብሎ የጻፈ ሰው ሁለተኛው ሻለቃ መሆኑን ተናግሮ ጨርሷል።

27 ቁጥር ግን የማንም ሰው አይደለም። ከ1893 ጀምሮ የእግረኛ ምልምል የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነበር። እርሱ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሳንጃው በመጋዘን ይቀራል፤ ቀጣዩ ልጅ ይታጠቀዋል። ስለዚህ «የእገሌ ሳንጃ» የሚል ታሪክ ከቁጥሩ ብቻ ተነሥቶ ከቀረበላችሁ፣ ታሪኩን ትታችሁ ብረቱን ብቻ ግዙ።

ጥንቃቄ የሚሹ ፊደላት አሉ። «አር.አር.» የተጠባባቂ እግረኛ ሬጅመንት ነው፤ ከመደበኛው ጋር የሚያደናግረው ሰው ብዙ ነው። መጀመሪያ ላይ «ቢ» ካለ የባቫሪያ ነው። ባቫሪያ ሬጅመንቶቿን ለብቻዋ ከ1 ጀምራ ትቆጥር ስለነበር፣ ይህችን አንዲት ፊደል የዘለለ ሰው ሙሉ በሙሉ ሌላ ሬጅመንት ላይ ያርፋል።

«ዘውዱና ከሥሩ ያለው ፊደል የሬጅመንቱ ናቸው»

በስለቱ ጀርባ ላይ ዘውድ፣ ከሥሩ «ደብሊው»፣ ከዚያ 15 ካለ፣ ሳንጃው በንጉሥ ዊልሄልም ስም በ1915 ተመርምሮ ጦሩ ተረክቦታል ማለት ነው። ይህ የርክክብ ማህተም ስለ ሬጅመንት አንዳች አይናገርም። አራቱ የጀርመን መንግሥታት ማለትም ፕሩሲያ፣ ባቫሪያ፣ ሳክሶኒና ቩርተምበርግ የየራሳቸው ንጉሥ ነበራቸው፤ የቩርተምበርጉም ንጉሥ ዊልሄልም ይባል ስለነበር «ደብሊው»ን አይቶ ፕሩሲያ ነው ብሎ መቸኮል አይገባም። ከስለቱ ሥር የሚነበበው ዞሊንገን ወይም ዙል የአምራቹ ከተማ ነው፤ ኤርፉርት የሚለውም የመንግሥት መሣሪያ ፋብሪካውን እንጂ የጦሩን ሰፈር አያመለክትም።

«ቁጥሩ ሁልጊዜ በሬጅመንት ይጀምራል»

እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እንደ ባቫሪያው «ቢ» ያለ ፊደል ካልቀደመው በቀር፣ በእግረኛው ዘንድ በአብዛኛው አዎ። ከጦርነቱ በኋላ በተፈረመው የቬርሳይ ውል 100,000 ሰው ብቻ እንዲይዝ የተፈቀደለት የጀርመን ጦር ግን አጻጻፉን ገለበጠው። «5./ጄ.አር.17.» ማለት የ17ኛው እግረኛ ሬጅመንት 5ኛ ሻምበል ነው። «ጄ» እዚህ የ«አይ» ምትክ ናት፤ የእግረኛን ቃል ትወክላለች፤ በድሮው የጀርመን ጽሕፈት ሁለቱ ይለዋወጡ ነበር። የዚያ ትንሽ ጦር እግረኛ ሬጅመንቶች 21 ብቻ ነበሩ።

በዚሁ ዘመን ብዙ መሣሪያ ላይ «1920» ተመትቷል። ይህ የንብረት ምልክት ነው፤ በ1920 ተሠራ ማለት አይደለም። በስለቱ ጀርባ 16 ያለበት ሳንጃ 1920ም ቢኖርበት እርስ በርሱ አልተጋጨም።

«ኤስ.ዲ. ካለበት የኤስ.ኤስ. ነው»

ዋጋን በአንድ ጊዜ የሚያንረው ስህተት ይኸኛው ነው። ኤስ.ዲ. የኤስ.ኤስ. (የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ድርጅት) መሪ የነበረው የሂምለር የስለላ ድርጅት ምህጻረ ቃል መሆኑ እውነት ነው፤ ሳንጃ ላይ ያለው ግን የዱሰልዶርፍ ጥበቃ ፖሊስ ነው። «ኤስ» ጥበቃ ፖሊስ፣ «ዲ» ዱሰልዶርፍ። «ኤስ.ቢ.» ከሆነ ደግሞ በርሊን። ከነዚህ የፖሊስ ሳንጃዎች ብዙዎቹ ከአሮጌው ጦር የተወረሱና ስለታቸው ያጠረ ናቸው። የትራፊክና የሰልፍ ጥበቃ መታጠቂያ በስለላ ድርጅት ዋጋ ሲሸጥ ማየት ያበሳጫል።

«የተሰረዘ ምልክት የማጭበርበር ማስረጃ ነው»

ሳንጃው ከአንዱ ሬጅመንት ወደ ሌላው ሲዛወር የንብረት ክፍሉ አሮጌውን በመስመር ሰርዞ አዲሱን ከጎኑ ይመታል። ሁለቱም የሚነበቡ ከሆነ እንዲያውም ጥሩ ዕድል ነው።

«ምልክት የሌለው ሐሰተኛ ነው»

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥድፊያ ሳይመታባቸው የወጡ ሳንጃዎች እጅግ ብዙ ናቸው። የምሽግ ቢላዎችን ደግሞ ብዙ ወታደር በራሱ ገንዘብ ይገዛ ስለነበር የሬጅመንት ምልክት ባይኖራቸው አይደንቅም፤ እንዲያውም እዚህ ላይ ጥርጣሬ የሚያስነሣው የተሟላ ምልክት መኖሩ ነው። ከ1930ዎቹ አጋማሽ በኋላ በተሠሩት ላይም የሬጅመንት ምልክት አይጠበቅም። «4521 ሲ» የሚል ካለ ተከታታይ የምርት ቁጥር ነው፤ «ሲ.ኦ.ኤፍ.» የዞሊንገኑ የካርል አይክሆርን ፋብሪካ የምስጢር ኮድ ነው፤ ንስርና ቁጥር የመርማሪው ማህተም ነው። ስለቱና አፎቱ አንድ ቁጥር ከያዙ አብረው መኖራቸውን ይመሰክራል እንጂ የባለቤቱን ስም አይነግርም።

ሐሰተኛ ምልክትን ለመለየት ማጉያ መነጽርና ከጎን የሚመጣ መብራት ይበቃል። አሮጌ ምት ብረቱን በጠርዙ ዙሪያ በጥቂቱ ያሳብጠዋል፤ የፊደሉ ወለልም ከአካባቢው ገጽ ጋር እኩል ጠቁሯል። ዙሪያው በዝገት ተበልቶ የፊደሉ ውስጥ ንጹሕና አንጸባራቂ ከሆነ ምልክቱ ከዝገቱ በኋላ የመጣ ነው።