ልብ ካላየ ዓይን አያይም

ልጁ ጨው አምጣ ተብሎ ጓዳ ይገባል። ትንሽ ቆይቶ «የለም!» ብሎ ይጮኻል። እናቱ መጥታ ከአፍንጫው ሥር አንስታ ታሳየዋለች። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የሚባለው ይሄኔ ነው። ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ልቡ ግን ውጭ ኳስ ይጫወታል።

ተረቱ ለልጅ ብቻ አይደለም። አንድ ገጽ ሙሉ አንብበን ምን እንዳነበብን ሲጠፋን ያው ነው። ማየት የልብ ሥራ ነው፤ ልብ ሌላ ቦታ ከዋለ ዓይን ቢፈጥም ዋጋ የለውም።

አነጋገሩ ከአፍ ወደ አፍ የመጣ ነው። ሐሳቡ ግን መጽሐፍ ቅዱስም ቁርኣንም ውስጥ አለ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8፣ ደቀ መዛሙርቱ ጀልባ ላይ ሆነው እንጀራ አልያዝንም ብለው ይጨነቃሉ። ጥቂቱ እንጀራ ለሺዎች ሲበቃ በዓይናቸው አይተዋል እኮ! ጌታም ዓይን እያላችሁ አታዩምን ይላቸዋል። ሱረቱል ሐጅ ቁጥር 46 ደግሞ የሚታወሩት ዓይኖች ሳይሆኑ በደረት ውስጥ ያሉት ልቦች ናቸው ይላል። ለተረታችን ከዚህ የሚቀርብ ቃል ያለ አይመስለኝም።

በ1999 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንኑ በሙከራ አሳዩ። ሰዎች ቪዲዮ እያዩ ነጭ የለበሱት ተጫዋቾች ኳስ ስንት ጊዜ እንደሚቀባበሉ እንዲቆጥሩ ተነገራቸው። መሃል ላይ የጎሪላ ልብስ የለበሰች ሴት ገብታ፣ ደረቷን ደቅታ ትወጣለች። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ አላዩዋትም። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች አልዘነጉም። እንዲያውም አጥብቀው ያተኮሩ ናቸው። ልብ ኳሱ ላይ ሲታሰር ዓይን ጎሪላ እንኳ ይስታል።

ሜዲቴሽን ማለትም ልብን የማሠልጠን ልምምድ አንድ ዓይነት ብቻ ያልሆነው በዚህም ይመስለኛል፤ ልብ ሌላ ቦታ ሲውልም አንድ ነገር ላይ ሲታሰርም ዓይን ይስታልና። አንደኛው ልብን አንድ ነገር ላይ ማቆየት ነው፤ ብዙ ጊዜ ትንፋሽ ላይ። አየሩ በአፍንጫ ሲገባና ሲወጣ ትከታተላላችሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሐሳብ ወደ ቤት ኪራይ ይሄዳል። መሄዱን አውቆ መመለስ ነው ልምምዱ። መቁጠሪያ ይዞ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን 41 ጊዜ የሚል ሰው፣ ዚክር የሚያደርግም፣ ይህን መመለስ ያውቀዋል። ጸሎት ግን ከዚህ በላይ ነው፤ የሚነገርለት አምላክ አለው።

ሁለተኛው ልብን ክፍት መተው ነው። የታክሲ ጡሩምባ ይመጣል፣ እግር ያሳክካል፣ ንዴት ብቅ ይላል። ሁሉንም እያዩ ማሳለፍ ነው፣ አንዱንም ሙጭጭ ሳይሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. ሄሊን ስላክተርና ባልደረቦቿ ለሦስት ወር ያህል በጥብቅ የተለማመዱ ሰዎችን ፈተኑ። በፍጥነት በሚያልፉ ፊደሎች መሃል ሁለት ቁጥሮች ይገባሉ። አእምሮ በመጀመሪያው ሲያዝ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ያመልጣል። ከልምምዱ በኋላ ግን ሁለተኛውን የሚያዩት ጨመረ። አእምሯቸው ለመጀመሪያው ቁጥር የሚያወጣው ጉልበት ቀንሶ ነበር።

ተረቱን ለሰውም እንጠቀምበታለን። በየቀኑ አልፈነው የምንሄደውን የበር ጥበቃ በቅጡ አናውቀውም። ሜታ የሚባል የቡድሂስቶች ልምምድ አለ፤ ቁጭ ብሎ ለሰው መልካም መመኘት ነው። ለራስ ይጀመራል፣ ለሚወዱት ይቀጥላል። ቀጥሎ የሚመጣው የማይወዱትም የማይጠሉትም ሰው ነው፦ ባለሱቁ፣ ጥበቃው፣ የታክሲ ረዳቱ። ፊቱን አስታውሶ ሰላም እንዲሆን፣ ጤና እንዲያገኝ መመኘት ነው። ብዙዎቻችን እዚህ ጋ እንቸገራለን፤ ፊቱ አይመጣልንማ።