ጅማና ጭነቷ፦ ከሲራራ እስከ ሰበታ ሐዲድ

ጅማ ባቡር የላትም። ኖሯትም አያውቅም። በወረቀት ላይ ግን የጅማ ባቡር ዕድሜው ከ130 ዓመት በላይ ነው። በ1894 ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ፣ መስመሩ በሦስት ተከፍሎ ነበር። አንዱ ከጅቡቲ ሐረር። ሁለተኛው ከሐረር እንጦጦ። ሦስተኛው ከእንጦጦ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ። ይህ ሦስተኛው ክፍል ቢሠራ ኖሮ ጅማን በሩቁ ዞሯት ያልፋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። የሚገርመው፣ ያኔ ከፋ ገና በራሷ ንጉሥ ነበር የምትተዳደረው። የምኒልክ ጦር ከፋን የያዘው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሐዲዱ በሐሳብ ከጦሩ ቀድሞ ደርሶ ነበር ማለት ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ባቡር ባይደርስም ጭነቱ ቆሞ አልጠበቀም። ጅማ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። የምትታወቀው በቡና ነው። ቡና ደግሞ የሚሸጠው ባሕር ማዶ ነው። ስለዚህ የከተማዋ ታሪክ ገሚሱ ያንን ጆንያ ወደብ የማድረስ ታሪክ ነው።

በቅሎ፣ ስልቻና ኬላ

የጅማ መንግሥት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ቆመ። ዝነኛው ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ ከ1878 እስከ 1932 ገዙ። ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው፤ ዛሬም አለ። ገበያው ግን ከታች ሜዳው ላይ፣ ሂርማታ ነበር። የአሁኗ ጅማ የበቀለችው ከዚያ ገበያ ዙሪያ ነው። ስሙም ከከተማዋ አልጠፋም፤ ሂርማታ መርካቶ የሚባል ቀበሌ አለ።

አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር ከመዋጋት መገበርን መረጡ። ግብሩ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ከከፋና ከወላይታ በተለየ ጅማ ሳትቃጠል ቀረች። ነጋዴም ሰላም ያለበትን ያውቃል። ከሰሜን የሚመጣው ሲራራ፣ ማለትም በቡድን የሚጓዘው ነጋዴ፣ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይዞ ሂርማታ ይገባል። ሲመለስ ቡና፣ ኮረሪማ፣ የዝሆን ጥርስና በቀንድ የታሸገ ዝባድ ይጭናል። ባሪያም ይነዳ ነበር። ይህን መዝለል አይቻልም፤ ሂርማታ ከአካባቢው ትልልቅ የባሪያ ገበያዎች አንዱ ነበረች፤ የገበያው ሀብት አንዱ ምንጭም ይኸው ነበር።

መንግሥቱ ዳር ድንበሩን በቦይና በአጥር አጥሮ፣ መግቢያዎቹ ላይ ኬላ አቁሞ ነበር። ነጋዴው ቀረጥ የሚከፍለው እዚያ ነው። ኬላ የሚለው ቃል ዛሬም ከሾፌር አፍ አይጠፋም። ገመዱ ተወጥሮ መኪናው ሲቆም፣ ረዳቱ ወረቀቱን ይዞ ሲሮጥ፣ "ኬላ ላይ ነን" ይላሉ። መቶ ምናምን ዓመት አልፎ ያልተለወጠ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

የዚያን ጊዜ ጉዞ በክረምት ይቆማል። የግቤ ወንዝ ይሞላል፣ ጭቃው በቅሎውን ይውጣል። በበጋም ቢሆን አዲስ አበባ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጃል። ቡናው የሚለካው በፈረሱላ ነው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ። ዛሬም በቡና ነጋዴ ዘንድ ዋጋ በፈረሱላ ሲጠራ ትሰማላችሁ። ለኤክስፖርት የሚሰፋው ጆንያ 60 ኪሎ ነው፤ በፈረሱላ ሦስት ተኩል ገደማ።

ለገሃር ሩቅ፣ ጋምቤላ ቅርብ

የኢልግ ፈቃድ የመጀመሪያው ክፍልም ቢሆን እንደታሰበው አልሄደም። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ሐዲዱ እሷን ትቶ በቆላው ሄደ፤ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋን ወለደ። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ። በ1908 በአዲስ ኩባንያ እንደገና ተጀምሮ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር።

ለጅማ ነጋዴ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ባሕሩ ራሱ የቀረበ ያህል ነው። በቅሎው ጭነቱን የአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ለገሃር ካደረሰ የቀረውን ፉርጎው ይወስደዋል። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ህንዱም፣ አረቡም ቡና ገዢ ሆኖ ወደዚህ የመጣው በዚያ ዘመን ነው። ችግሩ ከጅማ እስከ ለገሃር ያለው 350 ኪሎ ሜትር ገና በቅሎ ጀርባ ላይ መሆኑ ነው።

በምዕራብ በኩል ሌላ በር ነበር። እንግሊዞች በ1902 ስምምነት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ አግኝተው ነበር። የጎሬና የኢሉባቦር ቡና ወደዚያ ይወርድና በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሄዳል። መርከቡ የሚሠራው ባሮ ሲሞላ፣ ማለትም በክረምት ብቻ ነው። በቅሎ በበጋ፣ መርከብ በክረምት። የደቡብ ምዕራብ ጭነት የዓመት አቆጣጠሩ ዝናብ ነበር።

ጎማ መጣ

በ1936 ጣሊያን ገባ። ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት፤ ሰፋፊ ጎዳና ቀደደ፣ ሕንፃ ሠራ። ከሁሉም በላይ ከአዲስ አበባ በግቤ በኩል የመኪና መንገድ አወጣ። በ1941 ሲባረር መንገዱ ቀረ፤ መኪናውም ከነሾፌሩ ቀረ ማለት ይቻላል። የኢትዮጵያ ጋራዥ ቋንቋ ገሚሱ ጣሊያንኛ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ኤንትሬ የምንለው አሮጌ ፊያትም የዚያ ቤተሰብ ነው፤ እሱ እንኳን የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱን ማደስና ማስፋት በ1951 የተቋቋመው የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ሥራ ሆነ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጅማ ሐሙስ ገበያ በበጋ ቀን እስከ 30 ሺህ ሰው ይሰበስብ እንደነበር ተጽፏል። ከዚያ ሁሉ ሰው ብዙው በእግር የመጣ ነው። ዕቃው ግን በመኪና መግባት ጀምሯል።

መንገዱን የማያውቅ ካለ፣ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ሲወጣ ሰበታ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶ፣ ወልቂጤ። እስከዚህ መኪናው ሜዳ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ከወልቂጤ በኋላ ምድሩ ይከዳል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ግቤ በረሃ ይወርዳል። ደጋ ላይ ኮት የለበሰ ሾፌር ታች ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል። ወንዙን ተሻግሮ ደግሞ ያንኑ ያህል ሽቅብ። ከዚያ ሳጃ፣ ሰኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ፣ ጅማ።

የዚህ መስመር ሾፌር ማንነቱ የሚታወቀው ግቤ ላይ ነው። ከጅማ ቡና ጭኖ የመጣ ተሳቢ ቁልቁለቱን የሚወርደው በዝቅተኛ ማርሽ ነው። ፍሬን ላይ የተንጠለጠለ ሰው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ሽታው አፍንጫ ይመታዋል። ዳገቱ ላይ መኪናው ትንፋሹ አጥሮ ከቆመ፣ ረዳቱ ታኮውን ይዞ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ጎማው ሥር፣ ወሬው በኋላ። ከኋላ የቆመው ሚኒባስ ጡሩንባውን ቢያንባርቅም ረዳቱ ቀና ብሎ አያየውም።

አሁን መስመሩ ላይ የሚታየው የመኪና ዓይነት ብዙ ነው። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጎማና ከማና ወረዳ ቡና ለቅሞ ወደ ጅማ የሚያስገባው ባብዛኛው አይሱዙ ነው። ሕዝቡ በአነዳዱ "አልቃይዳ" ብሎታል፤ ስሙ ያለምክንያት አልወጣም። ከጅማ አዲስ አበባ ረጅሙን መንገድ የሚይዘው ከባዱ መኪና ነው። ተሳቢ ያለው እስከ 400 ኩንታል ይጭናል። ወደ ፈረሱላ ስንመልሰው 2350 ገደማ። አንድ በቅሎ ስድስት ፈረሱላ ይሸከማል ብንል፣ አንድ ተሳቢ ወደ 390 በቅሎ ነው። ያንን ሲራራ ግቤን ሲሻገር አስቡት።

ቡናው እንዴት ይወጣል

ለቀማው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። የጅማ ቡና ባመዛኙ ሳይታጠብ በፀሐይ የሚደርቅ ነው። ገበሬው እሸቱን የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ዘርግቶ ያደርቀዋል፤ ሲደርቅ ጀንፈል ይባላል። ጀንፈሉ በአህያ፣ በጋሪ ወይም በባጃጅ ወደ መቀሸሪያ ይሄዳል። ተቀሽሮ ፍሬው ሲወጣ ጆንያ ውስጥ ይገባል።

በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከተቋቋመ ወዲህ ጅማ ላይ ቡና የሚረከብ መጋዘን አለ። መኪናው ደጃፍ ላይ ተሰልፎ ተራ ይጠብቃል። ባለሙያው ሹል ቱቦ ይዞ ይመጣና ጆንያውን ወግቶ ናሙና ያወጣል። ከላይ ብቻ አይደለም፤ ከመሐልም ከሥርም። ከላይ ጥሩ ከታች ገለባ ያደረገ ሰው የሚያዘው እዚህ ነው። ናሙናው ይመዘናል፣ እርጥበቱ ይለካል፣ ተቆልቶና ተፈልቶ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይወጣለታል። በዓለም ገበያ "ጅማ 5" የሚባለው ስም የመጣው ከቡና ደረጃ አወጣጥ ነው። ኋላ ላይ ደግሞ ላኪው ከአቅራቢው በቀጥታ የሚገዛበት በር ስለተከፈተ፣ ሁሉም ቡና በዚህ ተራ አያልፍም።

ጭነት ሲኖር ጫኝና አውራጁ ደስ ይለዋል። አንዱ ጆንያውን ከኋላ ያነሳለታል፣ ሌላው በትከሻው ተቀብሎ በተጋደመው ሳንቃ ላይ ይሮጣል። ይሮጣል ያልኩት አውቄ ነው፤ ከቆመ ይከብደዋል። ሲሞላ ሸራው ይለብሳል፣ ገመዱ ይጠብቃል። ሾፌሩ ጋቢናው ውስጥ ለቤቱ አንድ የጅማ በርጩማና አንድ ጄሪካን ማር ካልያዘ ጉዞው ጉዞ አይመስለውም።

መኪናው ሲመለስ ባዶውን አይመጣም፤ ከመጣ ባለቤቱ ከሰረ። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ቢራ፣ ዘይት ይጭናል። ከክረምቱ በፊት ደግሞ ማዳበሪያ። ጅማ ደርሶም አያበቃም። ከተማዋ መገንጠያ ናት፤ ከዚህ ወደ አጋሮና በደሌ፣ ወደ ቦንጋና ሚዛን፣ ወደ ዳውሮ መንገድ ይወጣል። ለነዚህ ሁሉ ዕቃ የሚያልፈው በጅማ ነው።

ሐዲዱ እንደገና

አሮጌው ባቡር እያረጀ፣ ሐዲዱ እየጠበበበት፣ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ክፍል እስከ 2008 አካባቢ ድረስ ተንፏቆ ቆመ። አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር በጥቅምት 2016 ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራ በጥር 2018 ጀመረ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ የሐዲዱ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ከድርሻው 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ ነው። ኮንቴይነር፣ ማዳበሪያ፣ እህል ያጓጉዛል፤ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ከሚይዘው አንዱ ቡና ነው።

በ2007 የተቋቋመው ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ካወጣው የአገር አቀፍ መረብ ውስጥ ጅማም ነበረች። መስመሩ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ከአምቦ ማዶ ባለችው ኢጃጂ በኩል ጅማ ይገባል። ከዚያ በጉራፈርዳ አድርጎ ዲማ፣ ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር። ካርታውን ከ1894ቱ ፈቃድ ጎን ብታስቀምጡት አቅጣጫው ያው ነው፤ ከፋና ነጭ ዓባይ። ይህም አልተሠራም። ገንዘብ ከሌለ ካርታ ሐዲድ አይሆንም። መሬቱም የዋዛ አይደለም። ባቡር እንደ መኪና ዳገት አይወጣም፤ በመቶ ሜትር ሁለት ሜትር መውጣት እንኳ ለከባድ ጭነት ባቡር ብዙ ነው። የግቤን ሸለቆዎች በዚያ ልክ ለማለፍ ድልድይና ዋሻ ይጠይቃል።

ከዚህ ሁሉ ጅማ የደረሳት የአዲሱ ሐዲድ መነሻ ሰበታ መሆኗ ነው። ሰበታ የጅማ መንገድ ላይ ናት። ይሁንና ቡናው እዚያ አይወርድም። መጀመሪያ አዲስ አበባ ገብቶ በላኪው መጋዘን መበጠር፣ መለቀምና ኮንቴይነር ውስጥ መታሸግ አለበት። ከዚያ ነው በመኪና ወደ ባቡር ጭነት ጣቢያ የሚሄደው፤ ወይም ላኪው ከመረጠ እዚያው መኪና ላይ እንደሆነ ጅቡቲ ድረስ። እናም ከጅማ የመጣው ተሳቢ ንጋት ላይ ሰበታ ሲደርስ ሾፌሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ለባቡሩ ሳይሆን ለሰልፉ። ረዳቱ ከጋቢናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ ሸራውን ያያል፣ ገመዱ እንዳልላላ። ከዚያ ወደ አለም ገና ይቀጥላሉ።