የመንደር የምልክት ቋንቋ ምንድን ነው?

የምልክት ቋንቋ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣብን መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው የሚማሩት ነው። የመንደር የምልክት ቋንቋ ግን አስተማሪም መጽሐፍም አልነበረውም። በአንድ ገጠር መንደር መስማት የማይችሉ ልጆች በየትውልዱ ሲወለዱ፣ ነዋሪው ራሱ እያበጀ ያሳደገው ቋንቋ ነው።

ለምን እዚያ በዙ? ችግሩ በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነው። እናትም አባትም ደህና ይሰሙ ይሆናል፤ ሁለቱም ዘረመሉን ከተሸከሙ ግን ልጃቸው ላይ ሊወጣ ይችላል። ሰዉ እርስ በርሱ በሚጋባበት ትንሽ መንደር ይህ ይደጋገማል።

በኢንዶኔዥያ፣ በባሊ ደሴት ሰሜን ያለችውን ቤንግካላን እንይ። መስማት የተሳናቸው ነዋሪዎቿ 40 ገደማ ናቸው። ካታ ኮሎክ የሚባለውን ቋንቋቸውን ግን የሚሰሙት ጎረቤቶቻቸውም ይችሉታል። እንዲያውም ከተናጋሪዎቹ የሚበዙት የሚሰሙት ናቸው! ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው። ሌላ ቦታ አስተርጓሚ የሚፈልገው ሰው፣ እዚህ ከጎረቤቱ ጋር በቀጥታ ያወራል፣ ይቀልዳል፣ ይጣላል።

ዝም ብሎ እጅ ማወናጨፍ እንዳይመስላችሁ። በካታ ኮሎክ ሰዓት የሚነገረው፣ ፀሐይ በዚያ ሰዓት ወደምትሆንበት የሰማይ አቅጣጫ በመጠቆም ነው። በእስራኤል፣ በነጌቭ በረሃ የሚኖሩት የአል-ሰይድ በደዊን ዓረቦች ምልክት ደግሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ያመጣል፤ ልክ እንደ አማርኛ። በዙሪያው የሚነገሩት ዓረብኛና ዕብራይስጥ እንደዚያ አያደርጉም። ስለዚህ ሰዋስው ከጎረቤት ቋንቋ አልተቀዳም፤ እዚያው በቀለ።

እነዚህ ቋንቋዎች ግን በቀላሉ ይጠፋሉ። በአሜሪካ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት፣ ቺልማርክ በምትባል ከተማ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከ25 ሰው አንዱ መስማት የተሳነው ነበር። ልጆቹ በ1817 እ.ኤ.አ. ሃርትፎርድ ከተማ ላይ መስማት ለተሳናቸው ወደተከፈተው ትምህርት ቤት መሄድ ጀመሩ፤ ከውጭ ሰው ጋር ተጋቡ፤ ቁጥራቸውም ተመናመነ። ምልክቱን ከልጅነቷ ይዛ ያደገችው የመጨረሻዋ መስማት የተሳናት ሴት በ1952 እ.ኤ.አ. አረፈች።

አል-ሰይድ ላይም ልጆቹ አሁን ትምህርት ቤት የሚማሩት የእስራኤልን የምልክት ቋንቋ ነው። ትምህርቱ ይቅር የሚል የለም፤ በአገሪቱ ካሉ መሰሎቻቸው ጋር ያግባባቸዋል። ጣጣው፣ የሚሰማው አጎትና ጎረቤት ይህን አዲሱን ቋንቋ አለመማሩ ነው።