የሽያጭ ሰው በጭንቅ ጊዜ፦ ስለ መረጋጋት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ገበያ ሲቀዘቅዝ ብርዱ ቀድሞ የሚሰማው ሽያጭ ክፍል ነው። ደንበኛ ስልክ አያነሳም። ያነሳውም «እስቲ አስበንበት እንደውላለን» ብሎ ይዘጋል። ኮሚሽኑ ይቀንሳል፣ ታርጌቱ፣ ማለትም እንድንሸጥ የተመደበልን መጠን፣ ግን ንቅንቅ አይልም። በዚህ መሀል «ተረጋጋ» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል።

ምክሩ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ብዙዎቻችን መረጋጋት ማለት ምን እንደሆነ በልባችን የያዝነው ነገር ልክ አይደለም። ትጉህ ሰዎች በማይሆን መንገድ ለመረጋጋት ሲታገሉ፣ ከሥራው በላይ ትግሉ ሲያደክማቸው ማየት ያሳዝነኛል። እኔ እንደማምነው መረጋጋት በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው። ክትትል እንደሚደረገው፣ ዋጋ እንደሚዘጋጀው ሁሉ ይሠራል። እስቲ በብዛት የሚሰሙትን የተሳሳቱ አመለካከቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጎበዝ ሻጭ ምንም አይሰማውም»

እንዲህ ዓይነት ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ደንበኛ ጮኾበት ስልኩን ጆሮው ላይ ሲዘጋበት ፊቱ ቅንጣት አይለወጥም። እናደንቀዋለን። ውስጡን ግን አናየውም።

እ.ኤ.አ. በ1997 ጀምስ ግሮስ እና ሮበርት ሌቨንሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰዎች ስሜት የሚነካ ፊልም እያዩ ምንም ነገር ፊታቸው ላይ እንዳያሳዩ ጠየቋቸው። ሰዎቹ ፊታቸውን መቆጣጠር ቻሉ። ሐዘኑ ግን አልቀነሰላቸውም። እንዲያውም ሰውነታቸው ፊልሙን እንደልባቸው ካዩት ሰዎች ይበልጥ ተወጥሮ ተገኘ። ስሜትን ማፈን ፊትን እንጂ ልብን አያረጋጋም።

ለሽያጭ ሰው የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤሚሊ በትለር እና ባልደረቦቿ የማይተዋወቁ ሴቶችን ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ የሚረብሽ ፊልም አሳይተው ስለ ፊልሙ እንዲያወሩ አደረጉ። ከሁለቱ አንዷ ስሜቷን እንድትደብቅ በሚስጥር ሲነገራት፣ ምንም የማታውቀው ጓደኛዋ የደም ግፊት ከፍ አለ። ጨዋታውም አልጥም አለ። ደንበኛም እንደዚሁ ነው። ምን እንደደበቅነው አያውቅም፣ ግን አይመቸውም። «ሰውየው ደስ አላለኝም» ብሎ ወደ ሌላ ይሄዳል።

ታዲያ ደንበኛ ፊት እናልቅስ? በፍጹም። ስሜቱን ለራሳችን በስሙ መጥራት ይበቃል። ከከባድ ስልክ በኋላ ማስታወሻ ላይ «ተናድጃለሁ፤ የወሩ ታርጌትም አስፈርቶኛል» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ቀላል ይመስላል። ሆኖም በማቲው ሊበርማን የሚመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች በሰው ፊት ላይ ያዩትን ስሜት በቃል ሲሰይሙ አሚግዳላ የሚባለው፣ ለአደጋ ፈጥኖ የሚነሳው የአንጎል ክፍል ረገብ ሲል ታይቷል። እኔ ከስሜት መደበቅ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

«የመንፈስ ጥንካሬ አብሮ የሚወለድ ነው»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳው በዚህኛው ይመስለኛል። ምክንያቱም ያመነበት ሰው መሞከሩን ይተዋል።

አንድ ትልቅ ደንበኛ ውል ለመፈረም ቀጠሮ ይዞ ሳለ፣ ጠዋት ላይ አጭር መልእክት ላከ እንበል፦ «ይቅርታ፣ በጀታችን ታግዷል።» መልእክቱ የደረሳቸው ሁለት የተለያዩ ሻጮች ናቸው። አንደኛው ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና ለራሱ እንዲህ ይላል፦ «እኔ ድሮም ሽያጭ አይሆነኝም። ይሄ ዓመት አለቀ። ሌሎቹም ተራ በተራ ይሄዳሉ።» ሁለተኛዋም ሆዷ ባብቷል። እሷ የምትለው ግን ይሄ ነው፦ «በጀት ታገደ። ፋይናንስ ክፍሉን ቀድሜ ባለማናገሬ ነው ያልሰማሁት። በጀቱ መቼ እንደሚለቀቅ ዛሬውኑ ልጠይቅ።»

ልብ በሉ፣ ሁለተኛዋ ራሷን ነጻ አላወጣችም። ጉድለቷን ተናግራለች። ልዩነቱ ጉድለቱ አንድ ቦታና አንድ ጊዜ ላይ መቆሙ ነው። የአንደኛው ግን ሥራውን፣ ዓመቱንና ማንነቱን ሁሉ ይዞ ሄደ።

ማርቲን ሴሊግማን እና ፒተር ሹልማን የሕይወት ኢንሹራንስ ሻጮችን ያጠኑት ይህን ልዩነት ለማየት ነው። ሥራው ለጥናቱ የተመቸ ነበር። በሕይወት ኢንሹራንስ ሽያጭ እምቢታ የዕለት ተዕለት ነገር ነው፤ ጥሎ የሚሄደውም ሠራተኛ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ጥናታቸው መሠረት፣ ለክፉ አጋጣሚ ጊዜያዊና የተወሰነ ምክንያት የሚሰጡት ሻጮች በመጀመሪያዎቹ 2 የሥራ ዓመታት ከሌሎቹ 37 በመቶ ይበልጥ ሸጠዋል። ሥራቸውን ጥለው የሄዱትም ያነሱ ነበሩ።

ከዚህ «ተስፈኛ ከሆንክ ደንበኛ ከአንተ ይገዛል» የሚል ድምዳሜ ማውጣት አይገባም። ተስፈኛው የሚጠቀመው ከእምቢታው በኋላ ያለውን ስልክ ስለሚደውል ነው። ለራስ ምክንያት የመስጠት ልማድ ደግሞ በልምምድ ይቀየራል። የሆነውን ነገር ጻፉ። ከሥሩ ለራሳችሁ ያላችሁትን ጻፉ። ከዚያ «ሁልጊዜ»፣ «ሁሉም»፣ «በጭራሽ» የሚሉ ቃላት ገብተው እንደሆነ ፈልጉ። ከተገኙ «እውነት ሁልጊዜ ነው?» ብሎ ማስረጃ መጠየቅ ነው። ባለፈው ወር የተዘጋ አንድ ሽያጭ ካለ «ሁልጊዜ» የሚለው ወደቀ ማለት ነው።

«ልቤ እየመታ ልደውል አልችልም»

ትችላላችሁ። ልብ መምታቱ፣ እጅ ማላቡ፣ ትንፋሽ መፍጠኑ ሰውነት ለሥራ ሲነሳ የሚያሳየው ነገር ነው። አሊሰን ዉድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰዎች በሕዝብ ፊት ከመናገራቸው በፊት ገሚሶቹ «ተረጋግቻለሁ»፣ ገሚሶቹ ደግሞ «ጓጉቻለሁ» እንዲሉ ተደረገ። የተሻለ የተናገሩት የጓጉት ናቸው። የተነሳን ሰውነት በአንዴ ዝም ማሰኘት ከባድ ነው። ጉልበቱን ወደ ጉጉት ማዞር ይቀላል።

ጥድፊያው ንግግር የሚያደነቃቅፍ ከሆነ ደግሞ ትንፋሽ አለ። ወደ ውጭ ስንተነፍስ የልብ ምት በተፈጥሮው ዝግ ይላል። ስለዚህ በአፍንጫ ሁለት ጊዜ ደራርቦ ወደ ውስጥ መሳብ፣ ከዚያ በአፍ ቀስ ብሎ ረዘም አድርጎ ማስወጣት። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ይህን በቀን ለ5 ደቂቃ፣ ለአንድ ወር ያህል ያደረጉ ሰዎች ስሜታቸው እንደተሻሻለ አሳይተዋል። ከስልክ በፊት ግን ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ማድረግም አይከፋም።

«ደንበኛ ዝም ካለ ዋጋ መቀነስ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጭንቀት በገንዘብ የሚያስከፍለን በብዛት እዚህ ነው።

ቀጠሮው ጥሩ እየሄደ ነው። ደንበኛው ዋጋውን ጠየቀ፣ ሻጩ ተናገረ። ደንበኛው ወረቀቱን አየ። ብዕሩን አገላበጠ። ዝም አለ። አራት አምስት ሰከንድ አለፈ። ሻጩ ወንበሩ ጫፍ ላይ ደርሷል። «እንግዲህ... ቅናሽም ልናደርግ እንችላለን» አለ። ቅናሽ የጠየቀው ግን የለም። ደንበኛው እያሰላ ይሆናል። ለአለቃው እንዴት እንደሚያስረዳ እያሰበ ይሆናል። አሁን ግን አንድ ነገር አወቀ፦ የመጀመሪያው ዋጋ ትክክለኛው ዋጋ አልነበረም። ሁለተኛ ቅናሽ መጠየቁ አይቀርም።

ይሄው ሻጭ በደህናው ጊዜ አምስት ሰከንድ መታገሥ አያቅተውም። ታርጌት ሲጎድል ግን ዝምታ ሁሉ እምቢታ ይመስላል። ቅናሹን የሰጠው ከራሱ ጭንቀት ለመገላገል ነው።

«ቀጣዩ ላይ እታገሣለሁ» ማለት ብዙም አይረዳም። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ባደረጋቸው ጥናቶች እንዳሳየው፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ቀድሞ ቁርጥ አድርጎ መወሰን ሐሳብን ወደ ተግባር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ዋጋ ተናግሬ ዝም ካለ፣ እጄን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ እሱ እስኪናገር እጠብቃለሁ። ቅናሽ ከጠየቀ፣ መጀመሪያ የሚያዘውን መጠንና የሚከፍልበትን ጊዜ እጠይቃለሁ።» ከዚህ በታች አልወርድም የምትሉትንም ዋጋ ረጋ ባላችሁበት ሰዓት ወስኑ።

«ንዴትን ማውጣት ያቀላል»

ለጊዜው ደስ ይላል። ብራድ ቡሽማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት ግን፣ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቡጢ መለማመጃ ከረጢት የመቱት ሰዎች ምንም ሳያደርጉ ከተቀመጡት ይልቅ ተናድደው ተገኙ። ቢሮ ውስጥ ተሰብስቦ ደንበኛን ለአንድ ሰዓት ማማትም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። «ምን ሆነ? ቀጥሎስ ምን እናድርግ?» ብሎ መነጋገር ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን አትተዉ።

«ጥሩ ጥሩውን ብቻ ማሰብ ነው»

ስኬትን በዓይነ ሕሊና ማየት ያስደስታል፤ አንዳንዴ ግን ጉልበት ይሰርቃል። ገብርኤሌ ኦቲንገን ከተባለች ተመራማሪ ጥናቶች በአንዱ፣ ሥራ ስለማግኘት ያማረ ምኞት በብዛት የሚያልሙ ተመራቂዎች የላኩት ማመልከቻም ያገኙት የሥራ ጥሪም ያነሰ ነበር። የምትፈልጉትን አስቡ፤ ወዲያው ደግሞ መንገድ ላይ የቆመውን እንቅፋት አስቡ። ይበቃል።

«ገበያ ሲከብድ እጥፍ መሮጥ ነው»

ግማሹ እውነት አለው። ደንበኛ ሲቀንስ ብዙ በር ማንኳኳት ግድ ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው ሽያጭ አያውቅም። ስህተቱ ሰዓቱን ከእንቅልፍ መውሰዱ ላይ ነው። ከ17 እስከ 19 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የንቃት ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚወርድ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት አሳይቷል። በዚያ ሁኔታ ሆኖ ማንም ትልቅ ደንበኛ ፊት አይቀርብም። ማታ የደንበኛ መልእክት ስንመልስ አምሽተን ጠዋት ስንሄድ ግን ወደዚያው እየተጠጋን ነው።

በእጃችሁ ያለውንና የሌለውን መለየትም ሩጫውን ያቀልለዋል። ደንበኛው መግዛቱ በእጃችሁ አይደለም። ዛሬ ስንት ሰው እንደምታናግሩ፣ ምን እንደምትጠይቁ፣ የትኛውን ክትትል እንደምታጠናቅቁ ግን በእጃችሁ ነው። ቀኑን በነዚህ ለኩት። እነሱ ሲያልቁ ስልኩን ዘግቶ ወደ ቤት መግባት ስንፍና አይደለም።

«ጠንካራ ሰው ብቻውን ይወጣዋል»

ኤሚ ወርነር እና ባልደረቦቿ በሃዋይ ካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን እስከ ጉልምስና ተከታትለዋል። ድህነትና የቤተሰብ ችግር ተደራርቦባቸው ካደጉት ልጆች አንድ ሦስተኛው ያህል ብቁና አሳቢ ሰዎች ሆኑ። ከነዚህ ልጆች ጀርባ በብዛት የታየው ነገር ቢያንስ አንድ ከልቡ የሚያስብላቸው ሰው መኖሩ ነው። ሽያጭ የልጅነት መከራ አይደለም። ነገር ግን እምቢታን ለብቻ ተሸክሞ መክረም ማንንም አያጠነክርም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ መዛልን የገለጸው በአግባቡ ካልተያዘና ከማያባራ የሥራ ጫና የሚመጣ ነገር አድርጎ ነው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም መንጠፍ፣ ከሥራው መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ የሚሠሩት ሁሉ ፋይዳ የሌለው መምሰል። በሽያጭ ሰው ላይ ሁለተኛው ጎልቶ ይታያል። ደንበኛው ገና ሳይናገር «ይሄም እንደሌሎቹ ነው» ማለት ይጀምራል። ይህ ለሳምንታት ከዘለቀ፣ እንቅልፍም ከራቀ፣ የጤና ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው።

ከጫናው አብዛኛው የሚመጣው ከአሠራሩ ስለሆነ፣ ማናጀሮችም ድርሻ አላቸው። የሳምንቱ ስብሰባ የሚጀመረው «ስንት ሸጥክ?» በሚል ከሆነ የጎደለበት ሰው አንገቱን ይደፋል፤ እውነተኛውንም ምክንያት አይናገርም። በዚያ ፈንታ «በዚህ ሳምንት የከበደህ ደንበኛ የቱ ነው? ቃል በቃል ምን አለህ?» ብሎ መጀመር ይቻላል። ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡ ጉድለቱ የሰዎቹ ላይሆን ይችላል፤ ዋጋው ወይም ገበያው መታየት አለበት። የቁጥሩ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይቀጥላል።