«አረብ አገር ለሽርሽር?»፦ ስለ ኦማን የሚወራውና እውነታው

ጓደኞቼንና ዘመዶቼን የኦማን ዋና ከተማ ወደሆነችው ሙስካት «ኑና አብረን እንረፍ» ስላቸው መልሱ አንድ ነው። «አረብ አገር ለሽርሽር? ምን ነካሽ!» አዲስ አበባ ያለውም ዋሽንግተን ያለውም ይህንኑ ይላል። አልፈርድባቸውም። አረብ አገር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ፓስፖርቷን የተነጠቀች እህት፣ ደሞዟን የተከለከለች የሰፈር ልጅ ናት። ያ ታሪክ እውነት ነው፤ ኦማን ውስጥም ደርሷል። ግን በእሱ ብቻ አንድ ሙሉ አገር ሳያዩ መቅረታቸው ይቆጨኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«እዚያ የሚኬደው ለቤት ሠራተኝነት ነው»

የጉብኝት ቪዛና የሥራ ቪዛ ሰማይና ምድር ናቸው። የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ከፋላ የሚሉት አሠራር ይህ ነው። መከራው የሚጀምረውም ከእሱ ነው። ጎብኚ ፓስፖርቱ በኪሱ፣ የመመለሻ ትኬቱ በእጁ ነው፤ ሲፈልግ ይሄዳል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። «በጉብኝት ቪዛ ግቢ፣ ሥራው እዚያ ይስተካከላል» የሚል ደላላ ከደወለላችሁ ስልኩን ዝጉበት። በቱሪስት ቪዛ መሥራት ሕገ ወጥ ነው፤ የተበደለ ሰው ደግሞ አቤት ለማለት እንኳ ይፈራል።

«በረሃ ነው፣ ሙቀቱ ይገድላል»

በሰኔ ሙስካት ከመጣችሁ ልክ ናችሁ። በ2018 ሰኔ ወር ላይ ቁራያት በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ሙቀቱ ቀንም ሌሊትም ከ42.6 ዲግሪ ሳይወርድ 24 ሰዓት አልፏል። እንዲህ ባለ ጊዜ እናቴን አልጠራም። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን ሌላ ነው። ቀኑ ደስ ይላል፣ ማታ በባሕሩ ዳር በእግር ይኬዳል።

ደግሞ ኦማን ተራራ አላት። ጀበል አኽዳር ላይ ሰው የሚኖረው 2,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ በክረምታቸው ያለ ሹራብ አይታደርም። ገደሉን ይዘው የወረዱት የድንጋይ እርከኖች ኮንሶን ያስታውሳሉ። ሮማን ይበቅልባቸዋል፣ ጽጌረዳ ይበቅልባቸዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ጽጌረዳው ማለዳ ተለቅሞ ውኃው ይጣራል። እርከኑን የሚያጠጡት ፈለጅ የሚባሉ ቦዮች ናቸው፤ ከምንጭ ወይም ከከርሰ ምድር የወጣው ውኃ ያለ ሞተር በራሱ ቁልቁለት ይፈሳል። ባለ እርሻዎቹ ውኃውን በሰዓት እየተከፋፈሉ በተራ ያጠጣሉ። ከነዚህ አምስቱን ዩኔስኮ በ2006 መዝግቧቸዋል።

በደቡብ ያለችው ሰላላ ደግሞ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ናት። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ካፊያ ይወርድባታል፣ ጉም ይለብሳታል፣ ተራራው አረንጓዴ ይሆናል። የባሕረ ሰላጤው ሰው ከራሱ ሙቀት ሸሽቶ የሚመጣው እሷ ጋ ነው። በሰኔና በሐምሌ ብቻ ዕረፍት የሚያገኝ ዘመድ ካላችሁ ሙስካትን ትቶ ወደዚያ ይብረር።

ሰላላ ከተነሳች ዕጣኑን ሳልናገር አላልፍም። የዕጣን ዛፉ ሰላላ ባለችበት በዶፋር ክፍለ አገር ደረቅ ሸለቆዎች ውስጥ በራሱ ይበቅላል። ቅርፊቱን በትንሹ ይፍቁታል፣ ነጭ ወተት ያወጣል፣ ሲደርቅ ይለቅሙታል። ያ አገር በ2000 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ሙስካት መጥረህ ገበያ ብትገቡ ሻጩ አንዷን ፍሬ ከሰል ላይ ጣል አድርጎ ያሸታችኋል። ሆጀሪ የሚሉት ምርጡ ነው፤ ነጣ ብሎ ወደ አረንጓዴ የሚወስደው ዋጋው ይወደዳል። ስለ ባሕርና ስለ ሆቴል ብትነግሯት ጆሮ የማትሰጥ አክስት በዚህ ትረታለች።

«ክርስቲያን ከሆናችሁ ይከብዳችኋል»

ሙስካት ውስጥ ሩዊና ጋላ በሚባሉ ሰፈሮች መንግሥት በሰጠው መሬት ላይ የቆሙ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። አደባባይ ወጥቶ መስበክ አይፈቀድም፤ ገብቶ መጸለይ ግን ይቻላል። ትልቁ የሱልጣን ቃቡስ መስጊድም ሙስሊም ላልሆነ ጎብኚ ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ጠዋት ጠዋት ክፍት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ2 እስከ 5 ሰዓት። በ2001 የተመረቀ ነው። አዳራሹ ውስጥ የተነጠፈው አንድ ወጥ ምንጣፍ 21 ቶን ይመዝናል፤ ኢራናውያን ሴቶች በእጃቸው ሠርተው ለመጨረስ አራት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ሴት ፀጉሯን፣ እጇንና እግሯን መሸፈን አለባት። ነጠላና ረጅም ቀሚስ ካላችሁ ምንም መግዛት አያስፈልጋችሁም።

በረመዳን ከመጣችሁ ቀን ቀን ሰው ፊት አትብሉ፣ አትጠጡ።

«በቀለማችን ያፈጡብናል»

ይህ ፍርሃት ውስጥ ውስጡን ትልቅ ነው፤ ሰው ግን ደፍሮ አይናገረውም። ዘረኝነት የለም አልልም። ግን ኦማን ከአፍሪካ ጋር ያላትን ዝምድና ብዙዎቻችን አናውቅም። የኦማኑ ገዢ ሱልጣን ሰዒድ ቢን ሱልጣን በ1840 ገደማ መቀመጫውን ወደ ዛንዚባር አዛውሮ ነበር። ከ1964ቱ የዛንዚባር አብዮት በኋላ እዚያ የነበሩ ብዙ የኦማን ተወላጅ ቤተሰቦች ተመልሰው መጡ። ዛሬ ሙስካት ውስጥ ዲሽዳሻ የሚሉትን ነጭ ረጅም ቀሚስ ለብሶ፣ ኩማ የሚሉትን ጥልፍ ቆብ ደፍቶ ስዋሂሊ የሚያወራ ጥቁር ኦማናዊ ማየት ብርቅ አይደለም። የዝምድናው ታሪክ የባርነት ንግድም አለበት፤ ያንን መደበቅ ተገቢ አይመስለኝም።

እንግድነት ላይ ግን አይታሙም። ቤታቸው ከገባችሁ መጀመሪያ ተምር ይቀርባል፣ ከዚያ ሄል ያለበት ቀጭን ቡና በትንሽ ስኒ። ስኒውን ነቅነቅ አድርጋችሁ እስካልመለሳችሁ ድረስ መቅዳቱ አይቆምም። ይህን ሳይነገረው የመጣ እንግዳ እንቢ ማለት አፍሮ በቡና ይሰክራል!

«ሴት ብቻዋን መሄድ አትችልም»

ትችላለች። መኪና ትከራያለች፣ ትነዳለች፣ ሆቴል ትይዛለች። ኦማን በ2004 ሴት የከፍተኛ ትምህርት ሚኒስትር ሾማለች፤ ራውያ አል ቡሰዒዲ ይባላሉ። ትከሻና ጉልበትን መሸፈን ግን ለወንድም ለሴትም ጥሩ ነው።

«አካባቢው ጦርነት ነው»

ጎረቤቷ የመን እንደሆነች አይካድም። ኦማን ግን በ2015 የመን ላይ የዘመተውን ጥምረት አልተቀላቀለችም፤ አሜሪካንና ኢራንን ስታገናኝም ኖራለች። ቢሆንም ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የሰሞኑን ሁኔታ አጣሩ፤ ወደ የመን ድንበርም አትጠጉ።

እኔ እንግዶቼን ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቃቸው ስለ ጎርፍ ነው። ዋዲ የሚባሉት ሸለቆዎች ለዋና የሚያጓጉ ናቸው። ዝናብ ሩቅ ተራራ ላይ ከጣለ ግን ደረቁ ወንዝ በደቂቃዎች ይሞላል። በ2024 ሚያዝያ በጎርፍ ብዙ ሰው ሞቷል፣ የትምህርት ቤት ልጆችም ነበሩበት። ደመና ካያችሁ ዋዲ አትግቡ። ውኃ መንገዱን ካቋረጠ መኪናውን አቁማችሁ ጠብቁ።

«ለሀብታም ነው»

የኦማን ገንዘብ ሪያሉ ያስደነግጣል፤ አንዱ 2.60 ዶላር ነው። ሆቴሉና የመኪና ኪራዩ ይከብዳል። ግን አንድ ሪያል 1,000 ባይሳ ስለሆነ የሰፈር ሻይና ምግብ በባይሳ ያልቃል። ባሕሩ በነፃ ነው። ዋዲ ሻብ በጀልባ የሚያሻግራችሁ ሰው የሚጠይቀው አንድ ሪያል ነው። ጿሚም አይራብም፤ ሕንዳውያን በብዛት ስለሚኖሩ ሥጋ የማይገባበት ምግብ ቤት በየሰፈሩ አለ። ቅቤና ወተት እንዳይገባ ብቻ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

«ኑ ካልኳቸው ይበቃል»

ይህ የእኛ የጋባዦቹ ስህተት ነው። «ና» የሚል ግብዣ በሳምንቱ ይረሳል። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ያለው አብዛኛው ሰው የመመለሻ ትኬት፣ የሆቴል ቦታና የጤና መድን ከያዘ ለ14 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ቀድሞ ቪዛ ማውጣት አለበት። ይህንን ለይታችሁ ንገሯቸው። ወሩን እናንተ ምረጡላቸው፣ ወጪውን በግምት ጻፉላቸው፣ የየቀኑን ፕሮግራም ላኩላቸው። አርብን ነዝዋ ለምትባለው ከተማ አድርጉት። ሙስካት አርብ ጠዋት ጭር ትላለች፤ ነዝዋ ግን ገና በማለዳው የፍየል ገበያዋ ይደራል። ሻጮቹ ፍየሎቻቸውን እየጎተቱ ክብ ይዞራሉ፣ ገዢው ዳር ቆሞ ይከራከራል። መንገዱ ከሙስካት ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ገበያው በማለዳ ስለሆነ ግን ጎህ ሳይቀድ ተነሡ።