ስካይ ሎቢ ምንድን ነው?

ስካይ ሎቢ በጣም ረጅም በሆነ ሕንፃ መሀል ላይ፣ ሰው ከአንዱ ሊፍት ወርዶ ወደ ሌላው የሚሳፈርበት ፎቅ ነው። ምድር ላይ ያለው የመግቢያ አዳራሽ እዚያ ከፍታ ላይ ተደግሟል ማለት ይቻላል። 85ኛ ፎቅ የሚሠራ ሰው በአንድ ሊፍት ተነሥቶ ቢሮው አይደርስም፤ መንገድ ላይ ይቀይራል። መጀመሪያ ሲሰሙት ነገር ማወሳሰብ ይመስላል። ሰው ቶሎ እንዲደርስ ከተፈለገ ለምን መሀል ላይ ይወርዳል? ፈጣን ሊፍት መግጠም አይሻልም?

አይሻልም። ለምን እንደማይሻል ቁጭ ብሎ ማስላት ነው።

60 ፎቅ ያለው ሕንፃ እናስብ። የአንዱ ፎቅ ከፍታ 4 ሜትር ነው፤ ሊፍቱ 16 ሰው ይይዛል። ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት 16 ሰው ገብቶ ሁሉም የየራሱን ፎቅ ይጫናል። ሠራተኞቹ በየፎቁ እኩል የተበተኑ ከሆነ፣ ሊፍቱ እስኪራገፍ ድረስ በአማካይ 14 ጊዜ ይቆማል። ሁለት ሰው አንድ ፎቅ ላይ የሚገጣጠመው እንደ ዕድል ነው ማለት ነው።

አሁን አንዷን ማቆሚያ ጠጋ ብለን እንያት። ሊፍቱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከወለሉ ጋር ይስተካከላል። በሩ ይከፈታል። ወራጁ ከሁሉም ኋላ ግድግዳ ተደግፎ ስለነበር «ይቅርታ» እያለ በሰው መሀል ይሾልካል፤ በር ላይ የቆሙት ሁለት ሰዎች ያሳልፉት ዘንድ ወጥተው ይመለሳሉ። በሩ ይዘጋል፤ ሊፍቱ እንደገና ይነሣል። ይህ ሁሉ 10 ሰከንድ ብቻ ቢፈጅ እንኳ 14 ማቆሚያ 140 ሰከንድ ይበላል። ከታች ደግሞ ሌሎች ሰዎች ቆመው እየጠበቁ ነው።

ፍጥነት እዚህ ጋ ብዙ አያግዝም። ሊፍት የሚያፈጥነው ሰውን ስለሆነ እንደ ልብ መወንጨፍ አይችልም፤ ተሳፋሪው ሳይረበሽ በእያንዳንዱ ሰከንድ ሊጨምር የሚችለው ፍጥነት በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አካሄድ በሰከንድ 10 ሜትር ላይ ለመድረስ 10 ሰከንድና 50 ሜትር ያስፈልገዋል፤ ከ12 ፎቅ በላይ መሆኑ ነው። የእኛ ሊፍት ግን በየአራት ፎቁ ግድም ይቆማል። ያለው መንገድ 16 ሜትር ብቻ ነው፤ ግማሹን እየፈጠነ፣ ግማሹን እየቀነሰ ሲሄድ ከ4 ሜትር በሰከንድ አያልፍም። በውድ የተገዛው ሞተር አቅሙን የሚያሳይበት ርቀት አያገኝም። ሻንጋይ ታወር በሰከንድ 20.5 ሜትር መሄድ የሚችል ሊፍት አለው፤ ጎብኚዎችን ወደ ላይኛው መመልከቻ የሚወስድ፣ መንገድ ላይ የማይቆም ሊፍት ነው። ፍጥነት የሚጠቅመው ሳይቆም ለሚሄድ ነው።

ታዲያ የሊፍቱን ቁጥር ማብዛት ይቻል የለም ወይ? ይቻላል፤ ችግሩ ቦታ ነው። እያንዳንዱ ሊፍት ከታች እስከ ላይ የራሱ ጉድጓድ ይፈልጋል፤ ባለሙያዎች ሻፍት ይሉታል። 80ኛ ፎቅ የሚሄድ ሊፍት ለ30ኛው ፎቅ ምንም ሳያገለግል ከ30ኛው ፎቅ ላይ ወለል ይወስዳል። ሕንፃው ሲረዝም ሰው ይጨምራል፤ ሰው ሲጨምር ሊፍት፣ ሊፍት ሲጨምር ጉድጓድ። የታችኞቹ ፎቆች እየተበሉ ሄደው፣ የተጨመረው ፎቅ የሚያመጣው ኪራይ ጉድጓዱ የወሰደውን የማይተካበት ደረጃ ይመጣል። ስለ ረጃጅም ሕንፃዎች ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው ነፋስና ብረት ነው፤ እኔ ግን ከፍታን የሚገድበው ይህ የወለል ሒሳብ የሚገባውን ያህል አይወራለትም ባይ ነኝ።

መፍትሔው በሰፊው የተሞከረው በኒውዮርኩ የዓለም ንግድ ማዕከል መንትያ ሕንፃዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተጠናቀቁት እነዚህ ሕንፃዎች 110 ፎቅ ነበራቸው፤ ስካይ ሎቢዎቹ 44ኛና 78ኛ ፎቅ ላይ ነበሩ። ሐሳቡ የተወሰደው ከዚያው ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ነው። እዚያ አንዱ ባቡር ዋና ዋና ጣቢያዎችን ብቻ ይነካል፤ ሌላው በየጣቢያው ይቆማል፤ ተሳፋሪው ከፈጣኑ ወርዶ ወደ ዝግተኛው ይቀይራል። ሕንፃውም እንደዚሁ ለሦስት ዞን ተከፈለ። ትልልቅ ቀጥታ ሊፍቶች ሰውን በብዛት ጭነው ሳይቆሙ ስካይ ሎቢ ላይ ያራግፋሉ፤ ከዚያ የዞኑ ሊፍቶች በየፎቁ ያደርሳሉ።

ብልሃቱ ያለው አንዱ ዞን ከሌላው ላይ መነባበሩ ላይ ነው። የታችኛው ዞን ሊፍት ከሚያበቃበት ቦታ በላይ ያለው ያው ጉድጓድ ለመካከለኛው ዞን ሊፍት ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ለላይኛው። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ሊፍት፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ይመላለሳል። በእያንዳንዱ ሕንፃ ወደ 100 የሚጠጉ ሊፍቶች ነበሩ፤ ያም ሆኖ ለሥራ የሚውለው የወለል ስፋት በተለመደው አሠራር ይገኝ ከነበረው 62 በመቶ ወደ 75 በመቶ ከፍ አለ።

ዋጋው ሁለት ጊዜ መጠበቅ ነው። 85ኛ ፎቅ የሚሄደው ሰው ታች ቀጥታውን ይጠብቃል፣ 78ኛ ላይ የዞኑን ይጠብቃል። ከዚህ የሚከፋው በሕንፃው ውስጥ ለሚዘዋወር ሰው ነው፤ ከ30ኛ ፎቅ ወደ 60ኛ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ወደ ምድር መውረድ፣ በቀጥታው 44ኛ መድረስ፣ ከዚያ መቀየር ሊኖርበት ይችላል። ሠላሳ ፎቅ ለመውጣት ሦስት ሊፍት። ስለዚህ ጥሩ ንድፍ አውጪ እርስ በርስ የሚገናኙ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ዞን እንዲሆኑ አስቀድሞ ያስባል።

ስካይ ሎቢ ማለፊያ ብቻ ሆኖ መቅረትም የለበትም። በቺካጎ እ.ኤ.አ. በ1969 የተጠናቀቀው ባለ 100 ፎቁ ጆን ሃንኮክ ሴንተር ስካይ ሎቢው 44ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከላይ ያሉት ነዋሪዎች እዚያው የመዋኛ ገንዳ አላቸው። 828 ሜትር ከፍታ ያለው ቡርጅ ኸሊፋ በ43ኛ፣ በ76ኛና በ123ኛ ፎቅ ላይ ስካይ ሎቢ አለው። በኳላላምፑር የፔትሮናስ መንትያ ሕንፃዎች ደግሞ መቀየሪያው 41ኛና 42ኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ሁለቱን ሕንፃዎች የሚያገናኘው ዝነኛ ድልድይም የተዘረጋው እዚያው ከፍታ ላይ ነው። ለምን ሁለት ፎቅ? ሊፍቶቹ ባለ ሁለት ደርብ ስለሆኑ ነው፤ የላይኛው ደርብ ሰው 42ኛ ላይ፣ የታችኛው 41ኛ ላይ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። አንድ ማቆሚያ የሁለት ሥራ ይሠራል።

በዞኑ ውስጥ ለሚመላለሱት ሊፍቶችም ማቆሚያ የሚቀንስ ዘዴ አለ። በብዙ አዳዲስ ሕንፃዎች ሰው የሚሄድበትን ፎቅ የሚናገረው ከመግባቱ በፊት ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰሌዳ ላይ 85 ብሎ ሲጫን ሰሌዳው የሊፍቱን ፊደል ያሳየዋል። ኮምፒውተሩ ወደ 85ኛና ወደ 86ኛ የሚሄዱትን አንድ ሊፍት ላይ፣ ወደ 95ኛ የሚሄዱትን ሌላው ላይ ይሰበስባል። እንዲህ ዓይነት ሊፍት ውስጥ መጀመሪያ የገባ ሰው ግድግዳው ላይ የፎቅ ቁልፍ ፈልጎ ያጣል። መጫን ያለበት ውጭ ሳለ ተጭኗል።